ኢሜይላችንም ቀሪ ይኑረው

በካርቦን የሚጻፍ የደረሰኝ ጥራዝ ይዞ የኖረ ነጋዴ ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ዋናው ተቀዶ ለደንበኛው ይሰጣል፤ ቀሪው ከጥራዙ ጋር ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል። ቀሪ ሳያስቀር ደረሰኝ የቆረጠ ሠራተኛ ቢኖር ባለሱቁ በዝምታ አያልፈውም። ዕቃ ሲመለስ፣ ሒሳብ ስንተሳሰብ፣ የግብር ሰዎች መዝገብ ሲጠይቁ የምታድነን ያቺ ቀጭን ወረቀት መሆኗን ስለምናውቅ ነው።

ለወረቀት ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ኢሜይል ላይ ስንደርስ ግን ጥንቃቄያችን ይላላል። የብዙ ሺህ ዶላር ውል ያለበትን ደብዳቤ ከስልክ ወደ ስልክ እናስተላልፋለን፤ ሳጥኑ ሞላ ብለን ዋናውን እንሰርዛለን፤ የሱቁን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ሠራተኛ የግል አድራሻ እንቀበላለን። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እንላለን። ለምን መቅረት እንዳለበትና በምን እንደሚተካ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ደብዳቤው የሚደርሰው አንድ ቦታ፣ የሚፈለገው ሌላ ቦታ

ድንበር ተሻግሮ የሚነግድ ሰው ዛሬ ዕቃውን ከማየቱ በፊት ደብዳቤውን ያያል። ከጓንዡ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ይመጣል። ከዱባይ ፓኪንግ ሊስት ይላካል። ባንኩ ኤልሲው ላይ መስተካከል ያለበትን ነጥብ ይጽፋል። የመርከብ ወኪሉ የቢል ኦፍ ሎዲንጉን ረቂቅ «አይታችሁ አርሙ» ብሎ ይልካል። ጅቡቲ ያለው ትራንዚተር የጎደለ ሰነድ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በኢሜይል ነው።

ደብዳቤው የሚደርሰው ሰውና ደብዳቤው የሚያስፈልገው ሰው ግን አንድ ቦታ አይቀመጡም። ባለቤቱ ወደ ሞያሌ መንገድ ላይ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ መርካቶ ናት፤ ወንድም ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሱቅ ይዟል፤ ሾፌሩ ጋላፊ ደርሶ ወረቀት ይጠብቃል። ባለቤቱ ኔትወርክ ያለበት እስኪደርስ ሰነዱ ሳጥን ውስጥ ቢያድር፣ ወደብ ላይ ያለው ኮንቴይነር ነጻ ቀኑ እያለቀ ነው። ከዚያ በኋላ ዴመሬጁ በየቀኑ በዶላር ይቆጥራል።

ስለዚህ ደብዳቤ በራሱ ወደሚፈለግበት ሰው እንዲሄድ ማድረግ፣ ማለትም ፎርዋርዲንግ መክፈት፣ ትክክለኛ ሥራ ነው። ይህን የምንቃወም እንዳይመስላችሁ። የእኛ አቋም የሚከተለው ነው፦ ደብዳቤው ወደሚያስፈልገው ሰው በራሱ ይሂድ፤ ዋናው ከመጣበት ሳጥን አይነሳ፤ ሌላ አንድ ኮፒ ደግሞ በእጃችን ባለ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት አባቶቻችን ስለ ኢሜይል ባያስቡም ለኢሜይልም ይሠራል።

አሁን የምንሠራባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው አንድ ፓስወርድ ለአምስት ሰው ማደል ነው። ባለቤቱ፣ ሚስቱ፣ ወንድሙ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ትራንዚተሩ በአንድ ቁልፍ ይገባሉ። ደብዳቤ ሲጠፋ ማን እንደሰረዘው አይታወቅም። ለአቅራቢው «ዋጋውን ተቀብለናል» ብሎ የመለሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢና ከዱባይ ሲገባበት ደግሞ አገልግሎት ሰጪው ተጠራጥሮ ማረጋገጫ ኮድ ሊጠይቅ ይችላል። ኮዱ የሚሄድበት ስልክ በዚያ ሰዓት ተዘግቶ ከሆነ ሁሉም ደጅ ቀሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሠራተኛን የግል አድራሻ የሱቁ አድራሻ ማድረግ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እንግሊዝኛ ይችላል፣ ኮምፒውተር ያውቃል፤ ቢዝነስ ካርዱ ላይ የእሱ አድራሻ ይታተማል። ከሦስት ዓመት በኋላ የራሱን ሥራ ሲጀምር ወይም ወደ ውጭ ሲሄድ፣ የአቅራቢዎቹ ስም፣ የዋጋው ታሪክ፣ የውሉ ደብዳቤ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ልጁ ክፉ መሆን የለበትም። አድራሻው የእሱ ስለሆነ ብቻ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛው በእጅ እያስተላለፉ ዋናውን መሰረዝ ነው። በስልክ ላይ «ፎርዋርድ» ተጭኖ ደብዳቤው ወደ ሒሳብ ክፍል ይላካል፤ «እሷ ጋ አለ» ተብሎ ከሳጥኑ ይወጣል። እሷ ጋ ያለው ግን ዋናው አይደለም።

የተላለፈ ደብዳቤ ለምን ዋናውን አይተካም

በእጅ ፎርዋርድ ስናደርግ የሚሆነው ይህ ነው። አዲሱ ደብዳቤ ላይ ላኪው እኛ እንሆናለን። የመጀመሪያው ላኪ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ከታች እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጣሉ። ያንን ጽሑፍ ከመላኩ በፊት ማንም ሊያርመው ይችላል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን፣ ዋጋውን፣ ቀኑን ጭምር። ስለዚህ ክርክር ሲነሳ ሌላው ወገን «ይህን እናንተው ጻፋችሁት» ቢል በዚያ ወረቀት ብቻ ለማስተባበል ይቸግራል።

ዋናው ደብዳቤ ግን ከጽሑፉ በስተጀርባ የራሱ የጉዞ መዝገብ አለው። ከየትኛው ሰርቨር እንደተነሳ፣ በየትኛው ሰዓት በየት እንዳለፈ፣ የላኪው ድርጅት ዲጂታል ፊርማ ትክክል ይሁን አይሁን በዚያ ተጽፏል። ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ደብዳቤውን በኮምፒውተር ከፍታችሁ በጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ፤ መዝገቡ ይወጣል፤ ፋይሉን አውርዶ ማስቀመጥም ይቻላል። ይህ መዝገብ ያለው በሳጥኑ የገባው ደብዳቤ ላይ ነው። ስክሪን ሾት ላይ የለም። በቴሌግራም በተላከ ፎቶ ላይም የለም።

እንበልና አቅራቢው «ለ200 ካርቶን የተስማማነው በቀድሞው ዋጋ አልነበረም፣ ጭማሪውን ጽፌላችሁ ነበር» አለ። ዋናው ደብዳቤ ሳጥናችን ውስጥ ካለ፣ ጽፎ ከሆነ ይታያል፣ ካልጻፈም ይታያል። ከሌለ ክርክሩ የቃል ክርክር ይሆናል። በቃል ክርክር ደግሞ ዕቃውን የያዘው ወገን ያሸንፋል፤ ዕቃውን የያዘው ብዙ ጊዜ እኛ አይደለንም።

ሕጉም ወደዚሁ ይመራናል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ሰነድ ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ሰነድ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ አይሆንም። ነገር ግን ሰነዱ ሳይለወጥ ስለመቆየቱ ጥያቄ ሲነሳ መልስ የሚኖረው ዋናውን እንደመጣ ያስቀመጠ ሰው ነው። በኬንያ ደግሞ የግብር ሕጉ ነጋዴ ሰነዱን 5 ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ኢስትሊ ሱቅ ያላችሁ ሰዎች የዛሬ አራት ዓመት የገባ ዕቃ ኢንቮይስ ዛሬ ብትጠየቁ ከየት ታመጣላችሁ? የዚያን ጊዜው ስልክ የት አለ?

በእጃችን ያለ ኮፒ ለምን ያስፈልጋል

«ደብዳቤው ጉግል ጋ አለ፣ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው አለ። ጉግል ጋ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ግን ለብቻው አይበቃም። አራት ምክንያት አለን።

አንደኛ፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. ከጁን 2020 መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በሱዳን አብዛኛው ክፍል አገልግሎቱ ጠፋ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት የባሕር ሥር ኬብሎች ተበጥሰው ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ኢንተርኔት ተጎተተ። በእንዲህ ያለ ቀን ጉምሩክ ኢንቮይስ ቢጠይቅ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ኮፒ ያለው ነጋዴ አትሞ ይሰጣል። ሌላው ኔትወርክ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ አካውንት ይዘጋል። ፓስወርድ ይረሳል፣ ሲም ካርድ ይጠፋል፣ ሌባ ገብቶ ቁልፉን ይቀይራል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንትን ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቋል። «የድሮው አድራሻ» እያልን የተውነው ሳጥን የድሮ ውሎቻችንን ይዞ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቦታ ይሞላል። ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ፎቶና ድራይቭም ይጋሩታል። የሠርግ ቪዲዮ ሞልቶት አዲስ ደብዳቤ እየተመለሰ ላኪው «አድራሻቸው አይሠራም» ሲል ይገኛል። ኮፒው በእጃችን ካለ አሮጌውን ሳንፈራ እናራግፋለን።

አራተኛ፣ የሰው እጅ ይሳሳታል። ጂሜይል ላይ የተሰረዘ ደብዳቤ ቆሻሻ ሳጥን ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ክርክር ግን በ30 ቀን ውስጥ አይነሳም፤ ዕቃው በመርከብ ላይ የሚቆየው እንኳ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

እንዴት እናድርገው

መጀመሪያ አንድ የሱቅ አድራሻ ይኑረን። የሠራተኛ ሳይሆን የድርጅቱ ስም ያለበት፣ ፓስወርዱን ባለቤቱና አንድ የሚያምነው ሰው ብቻ የሚያውቁት። ካርዱ ላይ የሚታተመው፣ ለአቅራቢና ለባንክ የሚሰጠው ይህ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ድርሻውን በፎርዋርድ ይቀበላል።

በጂሜይል ከሆነ ሥራው በስልኩ አፕ አይሠራም፤ በኮምፒውተር መክፈት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ካፌ ከመሄድ ግን የሚታመን ሰው ላፕቶፕ መዋስ ይሻላል። የማርሽ ምልክቱን ተጭናችሁ ወደ ሙሉው ሴቲንግ ግቡና «ፎርዋርዲንግ ኤንድ ፖፕ አይማፕ» የሚለውን ክፈቱ። ተቀባዩን አድራሻ ጨምሩ። ጉግል ለተቀባዩ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይልካል፤ እሱ ሳይፈቅድ አይጀምርም። ከተፈቀደ በኋላ ወደዚያው ገጽ ተመልሳችሁ «ፎርዋርድ ኤ ኮፒ» የሚለውን ምረጡ።

ዋናው ነገር ከአጠገቡ ያለው ዝርዝር ነው። ጂሜይል የራሱን ኮፒ ምን ያድርገው ብሎ አራት ምርጫ ይሰጣል፦ ኢንቦክስ ውስጥ ይተወው፣ እንደተነበበ ይቁጠረው፣ ወደ አርካይቭ ያንሳው ወይም ይሰርዘው። የመጀመሪያውን ምረጡ። አራተኛውን የመረጠ ሰው ቀሪውን በገዛ እጁ እየቀደደ ነው። ከዚያ ከገጹ ግርጌ «ሴቭ ቼንጅስ» የሚለውን ሳትጫኑ አትውጡ፤ ካልተጫነ የተደረገው ሁሉ አልተያዘም።

ሁሉንም ደብዳቤ ለሁሉም ሰው መላክም አይገባም። ትራንዚተሩ የመርከብ ሰነድ እንጂ የአቅራቢውን የዋጋ ድርድር ማየት የለበትም። ለዚህ «ፊልተር» የሚባለው አለ፦ ከመርከብ ወኪሉ የመጣ ደብዳቤ ብቻ ወደ ትራንዚተሩ፣ ከባንክ የመጣ ብቻ ወደ ሒሳብ ክፍል እንዲሄድ ይታዘዛል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፎርዋርዲንጉ የሚሠራው ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ ለሚመጣው ነው፤ የቆየውን አይልክም። ስፓም ውስጥ የገባውንም አይልክም። አዲስ አቅራቢ የሚጽፈው ደብዳቤ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ስፓሙን የሚያይ ሰው መድቡ፤ እዚያም የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው።

አውትሉክ የምትጠቀሙ ሰዎች በሴቲንጉ ውስጥ «ሜይል»፣ ከዚያ «ፎርዋርዲንግ» የሚል ታገኛላችሁ። እዚያው «የተላለፉትን ደብዳቤዎች ኮፒ አስቀምጥ» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርጉበት። ያሁ ላይ የቆያችሁ የቀድሞ ነጋዴዎች ደግሞ ይህን እወቁ፦ ያሁ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ አውቶማቲክ ፎርዋርዲንግን ከነጻው አገልግሎት አውጥቶ ለሚከፍል ብቻ አድርጎታል። «ድሮ እከፍተው ነበር፣ አሁን የለም» የምትሉት ለዚህ ነው።

በራሳችሁ ዶሜይን አድራሻ ያላችሁ ደግሞ የሠራላችሁን ባለሙያ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ይህ አድራሻ የራሱ ሳጥን አለው ወይስ ማስተላለፊያ ብቻ ነው?» ባለሙያው ሳጥን ሳይከፍት ማስተላለፊያ ብቻ ሠርቶ ከሄደ፣ ደብዳቤው በበራችን አልፎ ይሄዳል እንጂ ቤታችን አይገባም። መድረሻው ላይ ከጠፋ የትም የለም። የተላለፈ ደብዳቤ ደግሞ መንገድ ላይ መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ተቀባዩ ሰርቨር ደብዳቤው ከላኪው ራሱ ሳይሆን በሌላ በኩል መምጣቱን አይቶ ወደ ስፓም ሊጥለው ወይም ሊመልሰው ይችላል።

በኮምፒውተር ላይ ለሚቀመጠው ኮፒ ተንደርበርድ የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ማወቅ ያስፈልጋል፦ አይማፕ እና ፖፕ። አይማፕ መስታወት ነው፤ ሰርቨሩ ላይ የተሰረዘ ደብዳቤ ከኮምፒውተሩም ይሰረዛል። ስለዚህ አይማፕ ብቻ ያለው ሰው ኮፒ ያለው ይመስለዋል እንጂ የለውም። በአይማፕ የምትሠሩ ከሆነ የሚያስፈልገውን ደብዳቤ «ሎካል ፎልደርስ» ወደሚለው ቦታ ገልብጡት፤ ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ቢነካ እሱ አይነካም። ፖፕ ደግሞ ደብዳቤውን አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። ሲከፈት ግን ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ እንዲተው ማዘዝ ግድ ነው፤ ካልታዘዘ አውርዶ ከሰርቨሩ ሊያነሳው ይችላል። «ለ14 ቀን ብቻ ይተው» የሚል ምልክት ካያችሁም አንሱት።

ይህ ሁሉ የከበደው ሰው ቀላል መንገድ አለው። «ጉግል ቴክአውት» በሚለው አገልግሎት የሳጥኑን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ፋይል ማውረድ ይቻላል። በሦስት ወር አንዴ አውርዶ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ለአንድ ሱቅ ይበቃል። ፍላሽ ላይ ብቻ አትመኩ፤ ፍላሽ ከሰው ሰው ሲዞር ይጠፋል፣ ቫይረስም ይዞ ይመለሳል።

ሲጨረስ ፈትኑት። ከሁለቱም ውጪ ከሆነ ሦስተኛ አድራሻ ፒዲኤፍ ያለው ደብዳቤ ላኩና ሦስት ቦታ ተመልከቱ፦ ተቀባዩ ጋ ደርሷል? ዋናው ኢንቦክስ ውስጥ አለ? ኮምፒውተሩ ላይ ኢንተርኔት ተዘግቶም ፒዲኤፉ ይከፈታል? ሦስቱም «አዎ» ካሉ ሥራው አልቋል።

ሌባውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል

ፎርዋርዲንግን ማወቅ ያለብን ለሥራ ብቻ አይደለም። የንግድ ኢሜይል የሚዘርፉ ሌቦች ሳጥን ውስጥ ሲገቡ ቶሎ ገንዘብ አይጠይቁም። የራሳቸውን አድራሻ ፎርዋርዲንጉ ላይ ጨምረው ይወጣሉ። ፓስወርድ ብንቀይር እንኳ ደብዳቤያችን ይደርሳቸዋል። ለሳምንታት ያነባሉ፤ ክፍያ ሲቃረብ አቅራቢውን መስለው «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብለው ይጽፋሉ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ ዓይነት ማጭበርበር ብቻ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደጠፋ አቤቱታ ደርሶታል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና በወር አንዴ የፎርዋርዲንጉን ገጽና የፊልተሮቹን ዝርዝር ክፈቱ። የማታውቁት አድራሻ ካለ አውጡት፣ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱ። የባንክ ቁጥር ተቀየረ የሚል ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ በዚያ ደብዳቤ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ፤ ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ የምታውቁትን ድምፅ ስሙ። ያለፉት ደብዳቤዎች በእጃችን ካሉ የድሮውን ሒሳብ ቁጥርና የአድራሻውን እያንዳንዱን ፊደል ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። አንዲት ፊደል የተቀየረችበትን አድራሻ የሚያጋልጠው ይህ ማስተያየት ነው።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

«ቴሌግራምና ዋትሳፕ እያለ ኢሜይል ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ለወሬና ለቅልጥፍና እኛም እንጠቀምበታለን። ነገር ግን የቴሌግራም መልእክትን ላኪው ከእኛም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። በማግስቱ ሌላው ወገን ሊሰርዘው የሚችለው ነገር ውል አይሆንም። ድርድሩ በዋትሳፕ ይለቅ፤ ስምምነቱ ግን «የተነጋገርነውን በኢሜይል ላክልኝ» ተብሎ ይዘጋ።

«በእኛ መካከል እምነት አለ፣ ሁሉም ዘመድ ነው» የሚሉም አሉ። እምነቱ ይኑር፤ ንግዳችን የቆመው በእሱ ነው። ግን በዘመዳሞች መካከል የሚነሳ የሒሳብ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከመርሳት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። ሁለቱም ወገን የሚያየው አንድ ሰነድ ሲኖር ሽማግሌም ሥራው ይቀልለታል።

ከሁሉ ክብደት ያለው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ «ኮምፒውተር ላይ ኮፒ ካስቀመጥኩ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅስ? ድንበር ላይ ቢፈተሽስ?» እውነት ነው፤ ኮፒ በበዛ ቁጥር ጠባቂም ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ ኮፒ ከእኛ ጋር አይጓዝ። ሱቅ ወይም ቤት በሚቆይ፣ ፓስወርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ፤ ሃርድ ዲስኩ ከገንዘቡ ካዝና ጋር ይቆለፍ። መንገድ ላይ የምንይዘው የዚያን ጉዞ ሰነድ ብቻ ይሁን። የደንበኞቻችንን የፓስፖርት ኮፒና የባንክ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በየኬላው ማንከራተት ለእነሱም ተገቢ አይደለም።

ቤተሰቡስ?

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ብዙዎቻችን ሥራችንን በራሳችን ስልክና በራሳችን ጭንቅላት ይዘናል። አባት ድንገት ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ሚስትና ልጆች ጅቡቲ ላይ ኮንቴይነር እንዳለ የሚያውቁት ትራንዚተሩ ሲደውል ነው። ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ለማን እንደተከፈለ የሚናገረው ሳጥን ደግሞ ተቆልፏል። ከለቅሶው ላይ የሰነድ ፍለጋ ይጨመራል፤ «የእኔ ድርሻ ነበረበት» የሚል ሰውም አይጠፋም።

የሱቁ ደብዳቤ ኮፒ ለአንድ የቤተሰብ አባል ወይም ለአንድ ታማኝ ሰው እየሄደ ከቆየ ይህ ሁሉ ይቀላል። ጂሜይል ላይ ደግሞ «ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር» የሚባል ነገር አለ። አካውንቱ ለ3፣ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር ካልተነካ መረጃው ለመረጥናቸው ሰዎች እንዲደርስ አስቀድመን ማዘዝ እንችላለን፤ እስከ 10 ሰው ድረስ መሰየም ይቻላል። በነጻ ነው፤ ጊዜም አይወስድም። ሰው ስለ ሞቱ ማሰብ እንደሚከብደው እናውቃለን። ግን ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ሞትን አይጠራም፤ ልጆቹን ከጠብ ያድናል።

ሠራተኛ ሲለቅም ተመሳሳይ ሥርዓት ይኑር። መጀመሪያ አድራሻው ከፎርዋርዲንጉ ይውጣ፣ ቀጥሎ ፓስወርድ ይቀየር፣ ከዚያ በሰላም ይሸኝ። የሱቁ አድራሻ የሱቁ ከሆነ ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም አይቀየምም፣ ማንም አይጎዳም።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሥራ ቀዝቀዝ በሚልበት በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ኮምፒውተር የሚያውቀውን ልጅ ወይም እህት አጠገባችሁ አስቀምጡና አራቱን ነገር አድርጉ፦ የሱቁን አድራሻ ለዩ፤ ፎርዋርዲንጉን «ኮፒው ኢንቦክስ ውስጥ ይቆይ» ብላችሁ ክፈቱ፤ ያለፈውን አውርዳችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ የማታውቁት አድራሻ ካለ አውጡ። የሚቀጥለው ኮንቴይነር ከመነሳቱ በፊት ይህ ይለቅ።